ለጋሽ መኮንን ዜሮ የሰጠሁ ዕለት

ይሉኝታን እኔ ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም የወረስኩት። እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት፤ "ሰው ምን ይለኛል" ሳትል ከቤት አትወጣም። አባቴ ሱዳናዊ ነው፤ ጎረቤት ያመጣለትን ጨው የበዛበት ወጥ እየበላ "ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም" የሚል ሰው ነው። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ምን ዓይነት ልጅ እንደምትወለድ እናንተው ገምቱ። ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ተወልጄ ያደግሁት እኔ ሰልዋ፣ ለማንም ሰው "ይሄ ሥራህ ጥሩ አይደለም" ብዬ አላውቅም ነበር። ፀጉር ቤት ገብቼ ፀጉሬን ሲያበላሹት እንኳ አመሰግናለሁ፣ ጉርሻ እሰጣለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ።

አሁን የማጫውታችሁ ነገር የገጠመኝ ካርቱም ገና በሰላሟ ሳለች ነው። ያኔ በአንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ፣ የኦንላይን ትምህርት በሚዘጋጅበት ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ ቀላል ነው። መምህራኑ ፋይል ይልኩልኛል፣ እኔ ድረ ገጹ ላይ እጭናለሁ። ምን እንደላኩ አልጠይቅም፣ እነሱም አይነግሩኝም። ተማሪዎቹ ደግሞ ተርሙ ሲጀመር ግር ብለው ይገቡና ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ይጠፋሉ። ለምን እንደሚጠፉ ሲጠየቅ መምህራኑ "የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው" ይላሉ፤ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል።

ዲናችን ዶክተር ኢቅባል ግን በዚህ የምትረካ ሴት አልነበረችም። አንድ ቀን ሩብሪክ የሚባል ነገር ይዛ መጣች። ሩብሪክ ማለት መምህር የተማሪን ድርሰት ሲያርም የሚጠቀምበት ዓይነት የነጥብ መስጫ ሰንጠረዥ ነው፤ ይሄኛው ግን የሚያርመው ተማሪውን ሳይሆን ኮርሱን ነው። ተማሪው ገጹን ሲከፍት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል ወይ? ፈተናው የሚጠይቀው ትምህርቱ ውስጥ ያለውን ነው ወይ? በስልክ ይከፈታል ወይ? ለያንዳንዱ ጥያቄ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣል። መምህራን ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ኮርስ ይመዝናል ተባለ።

መዘኑ። ሁሉም ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጠ! አንዱ ለአንዱ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቶ ነገ ሻይ ቤት እንዴት ፊት ለፊት ይቀመጣል? በሳምንት ጊዜ ውስጥ ኮሌጃችን በዓለም ላይ እንከን የሌለበት ብቸኛ ኮሌጅ ሆኖ አረፈው። ዶክተር ኢቅባል ወረቀቶቹን አገላብጣ ስታበቃ "ማሻአላህ። እንግዲያው ተማሪዎቹ የሚጠፉት ከደስታ ብዛት ነው ማለት ነው" አለች። ምዘናው እንደገና እንዲደረግ አዘዘች። አሁን መዛኙ ለሰጠው ነጥብ ሁሉ ምክንያት ይጽፋል፤ የእኛም ክፍል ሠራተኞች መዛኝ ይሆናሉ፤ የወደቀ ኮርስ በሚቀጥለው ተርም አይከፈትም። ምዘናውን አልፎ ተማሪው ዳግመኛ የሚጠፋበት ኮርስ ደግሞ ጭራሽ ይሰረዛል።

ዕጣ ወጣ። ለእኔ የደረሱኝ ጋሽ መኮንን ነበሩ።

ጋሽ መኮንንን ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ካርቱም የገቡት በወጣትነታቸው ነው፤ አሁን ፀጉራቸው ሸብቷል። "የሂሳብ አያያዝ መግቢያ" የሚባለውን ትምህርት ያስተምራሉ፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክፍል ሲገቡ ሱቅ የከፈቱ ነው የሚመስላችሁ። አንዱን ተማሪ ባለሱቅ፣ አንዱን ደንበኛ፣ አንዱን ጅምላ ሻጭ ያደርጉና ዴቢትና ክሬዲትን በሳቅ ያስተምሩናል። ኮሌጁ ውስጥ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፤ ከዲኗ በር ላይ ቆመው "ይህችን ልጅ እኔ አውቃታለሁ" ብለው።

አሁን ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ መኮንን የቀራቸው ኮርስ ይሄ አንድ ብቻ ነበር። ኢቃማቸው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የሚታደሰው ደግሞ ኮሌጁ በሚጽፍላቸው የሥራ ውል ነው። ኮርስ ከሌለ ውል የለም፣ ውል ከሌለ ኢቃማ የለም። ዝቅተኛ ነጥብ ብሰጣቸው ኮርሱ አይከፈትም። ሙሉ ነጥብ ብሰጣቸው ይከፈታል፣ ተማሪው እንደለመደው ይጠፋል፣ ከዚያ ለዘለዓለም ይሰረዛል።

ኮርሱን ከፍቼ እስካየው ድረስ "ምናልባት ጥሩ ይሆናል" የሚል ተስፋ ነበረኝ። ከፈትኩት። ለዓመታት ሲያድሉን የነበሩትን ወረቀቶች እስካን አድርገው ልከውልኝ፣ እኔም አይቼ ሳላይ የጫንኳቸው ፋይሎች ተደርድረዋል። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ግማሾቹ በጎናቸው ተኝተዋል። ሰላምታ የለ፣ "ከዚህ ጀምሩ" የሚል የለ። ያ ሱቅ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ የት ገባ? አንድም ቦታ የለም። ሰንጠረዡን መሙላት ጀመርኩ። መጀመሪያው ጥያቄ ላይ ዜሮ ጻፍኩ፤ ለፈተናው በግድ አንድ ጻፍኩ፤ ቀሪውም ከዚያ ብዙ አልተሻለም።

እንዲህ ያለውን ነገር ለሽማግሌ ሰው በኢሜይል አይልኩትም። ሮብ ዕለት ረክሻ፣ ማለትም ባጃጅ፣ ይዤ ወደ ቤታቸው ወደ አል-ሳሃፋ ሄድኩ። መንገድ ላይ ማስቲካ እያኘክሁ ራሴን መከርኩ፤ "ሰልዋ፣ ሳትናገሪ እንዳትበዪ።" ራሴን አውቀዋለሁና ነው። የእትዬ አልማዝን፣ የባለቤታቸውን ምግብ ከበላሁ እነዚያ ዜሮዎች ሁሉ ሦስት ይሆናሉ።

የግቢውን በር ሳንኳኳ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ተቀበለኝ። ዓሣ እስላምና ክርስቲያን ሳይጠያየቁ አብረው የሚበሉት ነገር ስለሆነ፣ እትዬ አልማዝ እኔ እመጣለሁ ካልኩ ሁልጊዜ የሚያዘጋጁት እሱን ነው።

"ግቢ፣ ግቢ! አህለን ልጄ! ከሳሽ ደግሞ! እናትሽ አታበላሽም እንዴ?"

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወንበር ሳቡልኝ። ትሪው መጣ። አሁን እንዴት ነው እንቢ የሚባለው? "ጠግቤያለሁ" እትዬ አልማዝ ዘንድ አይሠራም። "አሞኛል" ካልኩ አስተኝተው ያስታምሙኛል። ጨነቀኝና፦

"ጾም ነኝ" አልኩ።

እትዬ አልማዝ ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። "ጾም?"

"አዎ።"

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ሮብ።"

"እናንተ የምትጾሙት ሰኞና ሐሙስ። ሮብና ዓርብ የኛ ነው።"

"አዎ፣ ግን..."

"የኛም ቢሆን ፋሲካ አልፎ ገና በሃምሳው ውስጥ ነን። በሃምሳው ሮብ አይጾምም። ታዲያ አንቺ የማንን ጾም ነው የያዝሽው?" አፌን አዩና፣ "ደግሞ ስትገቢ ማስቲካ ታኝኪ ነበር" አሉ።

ማስቲካውን ዋጥኩት።

"ሰልዋ" አሉ ጋሽ መኮንን፣ ሳቃቸውን እንደያዙ፣ "ምን ሆነሻል? ንገሪን።"

ከዚያ በኋላ አፌን የከፈተው ማን እንደሆነ አላውቅም። "ይሄን ዓሣ ከበላሁ ለእርስዎ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ!" አልኩ።

"ሰጥተሽኝስ? ምን ችግር አለው?"

"ሙሉ ነጥብ አይገባዎትማ!"

በሕይወቴ ለታላቅ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም። እትዬ አልማዝ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ማኖር እንኳ አይባልም።

"ዓሣዬ ረሽዋ ሆነ በይኛ! ጉቦ ልሰጥሽ ነው የጠበስኩት?"

"ኧረ እትዬ፣ ዓሣው ምንም አላደረገም" አልኩ። እንባዬ መጣ።

ጋሽ መኮንን እጃቸውን ዘረጉ። ሰንጠረዡን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውርደው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ተመልሰው ደግሞ ከላይ ጀመሩ።

"ዜሮ" አሉ ቀስ ብለው። "ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን።"

"ትምህርቱ አይደለም ዜሮ ያገኘው ጋሽዬ፣ ገጹ ነው።"

"ገጹና ትምህርቱ ምን ለየው?" ብለው ተነሡና ወደ ግቢው ወጡ። ከኒም ዛፉ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ።

እትዬ አልማዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ኢቃማው ሊያልቅ ነው። ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ ነው?"

ይቺ አነጋገር ከሁሉም በላይ አመመችኝ። ሰንጠረዡን ቀድጄ፣ ዓሣዬን በልቼ፣ ስቄ አስቄ ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። በሩም ክፍት ነው። ነገር ግን ያንን ባዶ ገጽ አይቼዋለሁ፤ ካዩ በኋላ እንዳላዩ መሆን አይቻልም። ስልኬን አወጣሁና ወደ ዛፉ ሄድኩ። ኮርሶችን ለመሞከር ብዬ የከፈትኩት የተማሪ አካውንት ነበረኝ፤ በእሱ ገባሁ።

"ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ አሁን ተማሪ ነዎት። የመጀመሪያውን ትምህርት ያግኙልኝ። ካገኙት ወረቀቱን እዚሁ ፊትዎ እቀደዋለሁ።"

"ያላ!" ብለው ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ።

የመጀመሪያውን ፋይል ነኩ። አይደለም። ሁለተኛውን ነኩ፤ የተርሙ ማጠቃለያ ወጣ። ሦስተኛው በጎኑ የተኛ ገጽ ሆነ። አንገታቸውን አጋደሉ። አልመች ሲላቸው ስልኩን አጋደሉት፤ ገጹም አብሮ ተጋደመ። መልሰው አቀኑት፤ እሱም መልሶ ተኛ። እትዬ አልማዝ ከኋላቸው መጥተው ቆመው ነበር፤ "አንተ፣ ከስልክ ጋር ትግል ገጠምክ እንዴ?" አሉ። የሚቀጥለው ፋይል ከባድ ስለነበር ኔትወርኩ አቃተውና ክቡ ነገር ብቻ ይሽከረከር ጀመር።

"ኸላስ፣ ተይው። ፈተናውን ልየው" አሉ ጋሽ መኮንን። ከፈቱት። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ባለሱቅ ከሱቁ አንሥቶ ለቤቱ የወሰደው ስኳር እንዴት ይመዘገባል የሚል ነው። ፊታቸው በራ። "ይሄማ ቀላል ነው! እኔ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ..."

ቆሙ።

"የት ነው የተጻፈው?" አልኳቸው።

ወደ ፋይሎቹ ተመለሱ። ፈለጉ። ወጡ፣ ገቡ፣ እንደገና ፈለጉ። "አልተጻፈም" አሉ በመጨረሻ። "ይሄን እኔ በአፌ ነው የማስረዳው።" ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት። በመጀመሪያ ግራ ተጋቡ፣ ቀጥሎ ተናደዱ። ክፍል ውስጥ የሚያረፍድ ተማሪ ሲያዩ በሚያወጡት ድምፅ ጮኹ፦

"ይሄን ኮርስ የሠራው ሰው ማን ነው? ተማሪው ምን በድሎት ነው?"

ጎረቤት ሳይቀር ሰማ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አልማዝ ናቸው። ከዚያ እኔ። ከዚያ ጋሽ መኮንን ዛፉን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ወላሂ ዜሮ ነው" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ዜሮም ሲያንሰው ነው።"

"አሁን ነይና ዓሣሽን ብዪ" አሉኝ እትዬ አልማዝ። "ከቀዘቀዘ ደግሞ ጥፋቱ ያንቺ ነው።" በላሁ። ቀዝቅዟል፤ ግን እንደዚያ የጣመኝ ዓሣ የለም።

ሥራው የተጀመረው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሳምንቱ መጨረሻም በዚሁ አለቀ። ሰንጠረዡን ከፊታችን አድርገን ከላይ ወደ ታች ወረድን። ገጹ ሲከፈት የጋሽ መኮንን ሰላምታና "ከዚህ ጀምሩ" የሚል እንዲቀድም አደረግን። ለየሳምንቱ ምን እንደሚማሩ በአጭሩ ጻፍን። ከባድ ፋይሎቹን ጥለን ትምህርቱን አጠር አጠር ባለ ድምፅ ቀዳነው፤ ድምፅ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። ለመቅዳት ደግሞ ማራገቢያው ስለሚጮህ መጥፋት ነበረበት። በካርቱም ሙቀት! ጋሽ መኮንን በካናቴራ ሆነው፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ባለሱቁንም ደንበኛውንም ጅምላ ሻጩንም ራሳቸው ሆነው ተጫወቱት። አንዱ ትምህርት መሃል ላይ በማጉያ ቲማቲም የሚሸጥ ሰው በመንገዱ አለፈ። "ተዪው" አሉ፣ "ሱቁ ሕይወት ይኑረው።"

እሑድ፣ የሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ ሁለት ሰንጠረዥ ይዤ ዶክተር ኢቅባል ቢሮ ገባሁ። አንዱ ከመታረሙ በፊት የሰጠሁት፣ አንዱ ከታረመ በኋላ የሰጠሁት። ጋሽ መኮንንም አብረውኝ ነበሩ።

"ሁለት ጊዜ መዝኚ ያለሽ ማን ነው?" አለችኝ።

"ማንም አላለኝም ዶክተር።"

"በመጀመሪያው ወድቋል። ደንቡ የወደቀ አይከፈትም ይላል።"

ኢቃማው፣ እትዬ አልማዝ፣ "እያወቅሽ ነው?" ያሉኝ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ዶክተር ኢቅባል ወደ ጋሽ መኮንን ዞረች።

"ኡስታዝ፣ ይህች ተማሪዎ ነበረች። በሰጠችዎት ነጥብ ይስማማሉ?"

"አልስማማም" አሉ ጋሽ መኮንን።

እንዲህ ነው ለካ፣ ሰው ፊት ሲሆን ሌላ ነው፣ አልኩ በልቤ።

"ለፈተናው አንድ ሰጥታኛለች" ብለው ቀጠሉ። "የሚገባው ዜሮ ነው። አንድ የሰጠችኝ አዝናልኝ ነው፤ ይታረም።"

ዶክተር ኢቅባል ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኳን አወጣችና እዚያው እኛ ቆመን ኮርሱን ከፈተች። የመጀመሪያውን ትምህርት ለማግኘት አልተቸገረችም። ድምፁን ከፈተችው። የጋሽ መኮንን ሱቅ በዲኗ ቢሮ ውስጥ ተከፈተ። ቲማቲም ሻጩ ሲያልፍ ቅንድቧን ከፍ አደረገች፣ ግን አላቋረጠችውም። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ይከፈት" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሙሉ ነጥብ የተሰጣጡትን ሁሉ ደግሞ ከነገ ጀምሮ አንቺ ትዞሪያቸዋለሽ።"

የተርሙ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ጋሽ መኮንን ቢሮዬ መጥተው ጎኔ ተቀምጠው ነበር። ውላቸው ተጽፎ፣ ኢቃማቸው ታድሶ፣ በጥሩ ስሜት ላይ ናቸው። ኑሃ የምትባል፣ ባለፈው ተርም ከጠፉት አንዷ የሆነች ልጅ፣ ከመጀመሪያው ትምህርት ሥር ጽፋ ነበር። እንዲህ ይላል፦

"ኡስታዝ፣ ዛሬ ገባኝ። ያኔ ያቋረጥኩት ደደብ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።"

ጋሽ መኮንን አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና ደግመው አነበቡት።

"ስንቱ ልጅ ነው እንዲህ ብሎ የሄደብኝ?" አሉኝ።

የጠፉትን ተማሪዎች ስልክ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ያን ቀን ከቢሮዬ አልወጡም፤ ተራ በተራ ሲደውሉ ዋሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነበር ልጄ፣ ተመለስ" እያሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ ያቺ ሮብ የወለደችው ነው። የሰው ኮርስ እያየሁ፣ እዚህ ጋ ተማሪው ይጠፋብሃል እያልኩ እንጀራዬን እበላለሁ። መምህራኑ መጀመሪያ ይኮሳተራሉ፤ ስልኩን እሰጣቸዋለሁ፣ ተማሪ ሁኑ እላቸዋለሁ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል። ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ሁሉም ሰው እኛም ተበተንን። የኮሌጁ ሕንፃ ዛሬ የለም። የጋሽ መኮንን ሱቅ ግን እስካሁን ክፍት ነው፤ ልጆቹ ከፖርት ሱዳን፣ ከገዳሪፍ፣ ከካይሮ በስልካቸው ይገባሉ፣ በደካማ ኔትወርክ ያዳምጣሉ፣ ይፈተናሉ።

ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው እያልኳችሁ አይደለም። እኔ ዛሬም ፀጉር ቤት ውስጥ አመስግኜ ነው የምወጣው፤ የሚበላሸው የራሴ ፀጉር ነዋ። አንዳንድ ሥራ ግን ከሠሪውና ከእናንተ አልፎ የሚደርሰው ሌላ ሰው አለ። የምትወዱት፣ የምታከብሩት ሰው ሥራውን ይዞ መጥቶ "እንዴት ነው?" ሲላችሁና ምላሳችሁ "በጣም ጥሩ ነው" ሊል ሲያኮበኩብ፣ ትንሽ ቆም በሉ። የሆነ ቦታ አንዲት ልጅ "ደደብ ስለሆንኩ ነው" ብላ ስልኳን ልትዘጋ ነው።